ባዶው ወንበር



አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ወደ ዋሽንግተን የሚወስድ አይ-66 የሚባል አውራ ጎዳና አለ። ወደ ከተማው ሲቃረብ፣ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ብቻህን ከነዳህ ትከፍላለህ። ሹፌሩን ጨምሮ 3 ሰው ከሆናችሁና መኪናው ላይ ለዚህ የተዘጋጀው መሣሪያ ካለ በነፃ ታልፋላችሁ። እ.ኤ.አ. እስከ 2022 መጨረሻ 2 ሰው ይበቃ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ አንድ ሰው የያዘ መኪናም ሦስት የያዘውም አስፋልቱ ላይ የሚይዙት ቦታ እኩል ነው።

«ለእኛ ምን ይሠራል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ከጅማ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ለይተን የምንሰጠው መስመር የለንም። ባዶ ወንበር ግን አለን። ስንቱ የቤት መኪና ሹፌሩን ብቻ ይዞ፣ ሐኪም ቤት ለመድረስ መንገድ ዳር የቆመችን እናት አልፏት ይሄዳል?

ነገር ግን እንለይ። 3 ተሳፋሪ ለሚይዝ ባጃጅ 5 ሰው መጫን መተዛዘን አይደለም፣ በሰው ነፍስ መጫወት ነው። የቤት መኪና ይዞ ታሪፍ መሰብሰብም አልተፈቀደም።

የማያውቁትን ሰው መጫን ያስፈራል? ከሚያውቁት ይጀመራል፦ ከጎረቤት፣ ከሥራ ባልደረባ፣ ከመስጂድ ጀመዓ። መኪና ያለህ ወንድሜ፣ መኪና ያለሽ እህቴ፣ ነገ ጠዋት ወዴት እንደምትሄዱ ዛሬ ማታ ለጎረቤት ንገሩ።

እዚያ ሰውን የሚያስተባብረው ክፍያና ቅጣት ነው። እኛን ጉርብትና ይበቃን ነበር።