«ቤት ለእንግዳ» ከማለታችን በፊት

ክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ሆይ፤

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ሰዎች በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ወይም ባለይዞታ እንዲሆኑ የሚፈቅደውን አዋጅ በሰኔ ወር 2017 ዓ.ም. ካጸደቀ ወዲህ፣ በከተማችን በጎንደር ይህ ጉዳይ በየመሥሪያ ቤቱና በየሻይ ቤቱ ሳይነሣ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። አንዱ ወገን «አገር ተሸጠ» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «ዶላር ሊገባልን ነው፤ ጎንደርም እንደ ሌሎቹ የመዝናኛ ከተሞች ልትሆን ነው» እያለ ይደሰታል። ሁለቱም አባባሎች ነገሩን ከሥሩ የተመለከቱ ስላልመሰለኝ፣ በተለይም አዋጁን በየወንበራቸው ተቀምጠው በሥራ ላይ የሚያውሉት የዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች የሆኑት የመንግሥት ሠራተኞች ስለሆኑ፣ ጥቂት አሳብ ለማቅረብ ፈቃድዎን እለምናለሁ።

«አገር ተሸጠ» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ኢትዮጵያዊውም ቢሆን በከተማ የሚይዘው በሊዝ ሲሆን፣ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው ዘመን ቢበዛ 99 ዓመት ነው። ስለዚህ የውጭ አገር ሰው ቤት ገዛ ቢባል የገዛው ግድግዳውንና ጣሪያውን፣ ከዚያም ጋር የቀረውን የሊዝ ዘመን ነው። ከዚህ የበለጠ መብት ለእኛም የለን፤ የሌለንንም ልንሸጥለት አንችልም።

ይህም ቢሆን ነገሩ ቀላል ለውጥ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 390 የውጭ አገር ሰው በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ካልተፈቀደለት በቀር የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው ይከለክል ነበር። በቅን ልቦና ይዞ የተገኘም ቢሆን በ6 ወር ውስጥ ለኢትዮጵያዊ እንዲያስተላልፍ ይታዘዝ ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ደግሞ የዜጋውንም የእንግዳውንም ትርፍ ቤት የመንግሥት አደረገ። ከዚያ በኋላ በሩ የተከፈተው በጥቂት በጥቂቱ ነው። በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ተፈቀደ፤ ሰዎች «ቢጫ ካርድ» የሚሉት ማለት ነው። በኢንቨስትመንት ሕጎችም ለባለሀብቶች የመኖሪያ ቤት ተፈቀደ። የ2017ቱ አዋጅ የዚህ ተከታይ ሲሆን፣ ለገዢው የተወሰነው ዝቅተኛ ገንዘብ 150,000 የአሜሪካ ዶላር ነው።

አሁን ይህን ቁጥር ይዘን ወደ ጎንደር እንምጣ። ብር በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመነዘር ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ አዋጁ በጸደቀበት ጊዜ ግን ከ130 ብር በላይ ሆኖ ነበር። በ130 ብቻ እንኳ ብናሰላው 150,000 ዶላር 19 ሚሊዮን ከ500 ሺህ ብር ይሆናል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተሻሻለው ደመወዝ፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ሥራ የሚጀምር የመንግሥት ሠራተኛ በወር 11,500 ብር ያገኛል። ይህ ሰው ሳይበላና ሳይለብስ ደመወዙን ሁሉ ቢያጠራቅም ያን ገንዘብ ለመሙላት ከ141 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። እኔ ግን በዚህ በኩል አሳቢነት ይታየኛል፤ ምክንያቱም ሕግ አውጪው የዋጋውን ደፍ ከፍ ያደረገው የውጭ አገር ሰው ከእኛ ጋር ለአንድ ክፍል ቤት እንዳይሻማ ነው። የሚያሳስበኝ ሌላው ጎኑ ነው። ለአዲስ አበባው ቦሌ የተመጠነ ደፍ ለጎንደር ሲሆን ከፍ ያለ አጥር ይሆናል። በከተማችን ተራው የጋራ መኖሪያ ቤት ወደዚህ ዋጋ የሚጠጋ አይደለም። እንግዲህ ግንቡን አይቶ፣ የጥምቀቱን በዓል ተደስቶበት፣ እዚህ ቤት ይኑረኝ የሚል እንግዳ ቢመጣ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል፤ ወይ በ19 ሚሊዮን ብር አዲስ ቤት ማሠራት፣ ወይም በደላላ ምክር በ3 እና በ4 ሚሊዮን የሚገኘውን ቤት በሰው ስም መግዛት። አጥር ከፍ ባለ መጠን በሥሩ ለመሹለክ የሚፈልግ ይበዛል።

በሰው ስም መግዛት አዲስ ነገር አይደለም፤ አሠራሩንም ሁላችን እናውቀዋለን። ገንዘቡን የሚልከው አንዱ ነው፤ ካርታው የሚወጣው በአጎት ልጅ ወይም በወዳጅ ስም ነው። በመካከላቸው የሚቀረው አንድ የውክልና ወረቀትና ብዙ መተማመን ነው። ባለስሙ ሲሞት ወራሾቹ ካርታውን ይዘው ይቀርባሉ። ባለስሙ ከሚስቱ ጋር ሲጣላ ቤቱ እንደ ጋራ ሀብት ይቆጠራል። ባለገንዘቡ ከባሕር ማዶ መጥቶ ቢከራከር በእጁ ያለው የባንክ ደረሰኝ ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ የተቆራረጠ ዘመድ፣ በየፍርድ ቤቱ የሚንከራተት መዝገብ ስንት ነው! መንግሥትም ከእውነተኛው ዋጋ ሊያገኝ የሚገባውን ግብርና የውጭ ምንዛሪ ያጣል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ከተማርነው የኦሪት ታሪክ አንዱ እዚህ ላይ ይጠቅመኛል። አብርሃም በኬጢ ሰዎች መካከል መጻተኛ ሳለ ሣራ ሞተችበት፤ የመቃብር ቦታም ፈለገ። ኤፍሮን መሬቱን በስጦታ ሊሰጠው ቢወድም አብርሃም አልተቀበለም፤ በከተማው በር በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት 400 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ። እንግዳ ሰው በውለታ የያዘው ቦታ ነገ ክርክር እንደሚያመጣበት ያወቀ ይመስለኛል።

የጎንደር አባቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት በከተማዋ የተካሄዱ የመሬትና የቤት ሽያጮች በአድባራቱ መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ተጽፈው እስከ ዛሬ ይገኛሉ። የሻጩና የገዢው ስም፣ ዋጋው፣ ዳኛውና ምስክሩ በዝርዝር ሰፍረዋል፤ ከሻጮቹና ከገዢዎቹም መካከል ሴቶች ብዙዎች ናቸው። ሊቃውንት የዚያን ዘመን የከተማ ኑሮ ያወቁት ከእነዚሁ ጽሑፎች ነው። በሌላ በኩል እንግዳን በሚመለከት ከተማችን ጨካኝ ዘመንም አይታለች። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም. ገደማ የተደረገው ጉባኤ ፈረንጆች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ወይም አገር ለቀው እንዲወጡ፣ ሙስሊሞችም በተለየ ሠፈር እንዲኖሩ ወስኖ ነበር። ጣሊያንም በበኩሉ ከ1928 እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ሳይጠየቅ ገብቶ ፒያሳን ሠራ፤ ሕንፃዎቹ እኛ ዘንድ ቀሩ፣ እሱ ሄደ። የዛሬው እንግዳ ግን በውል የሚመጣ ስለሆነ በውል ልንቀበለው ይገባል።

ሌሎች አገሮች ይህን ነገር ከእኛ ቀድመው ሞክረውታል። በታይላንድ የውጭ አገር ሰዎች የአንድን የጋራ ሕንፃ ቤቶች ጠቅላላ ስፋት ከመቶ 49 ያህል ብቻ መያዝ ይችላሉ፤ ገንዘቡም ከውጭ በውጭ ምንዛሪ መግባቱ መረጋገጥ አለበት። ሜክሲኮ ከባሕር ዳርቻዋ በ50 ኪሎ ሜትር፣ ከወሰኗ በ100 ኪሎ ሜትር ውስጥ ለውጭ አገር ሰው በቀጥታ ባለቤትነት አትሰጥም፤ መኖሪያ ቤቱን ባንክ በአደራ ይዞለት ይጠቀማል። ስፔን ግማሽ ሚሊዮን ዩሮ አውጥቶ ቤት ለሚገዛ ሰው የምትሰጠውን የመኖሪያ ፈቃድ፣ የቤት ዋጋ ለገዛ ዜጎቿ ስለከበደ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሚያዝያ 2025 አቆመች። ካናዳም ከጥር 2023 ጀምሮ ከውጭ አገር የሚመጡ ሰዎች መኖሪያ ቤት እንዳይገዙ ለተወሰነ ጊዜ ከልክላለች። ከእነዚህ አገሮች የምንማረው የእንግዳው ገንዘብ አዲስ ቤት ሲሠራ ከተማውን እንደሚያለማ፣ በነበረው ቤት ላይ ሲወርድ ግን ኪራይን ብቻ እንደሚያስወድድ ነው።

በጎንደር ይህ ልዩነት የሞት የሽረት ያህል ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች የተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤት ፕሮግራም የታሰበው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው ነበር፤ ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን እስከ 5 ዓመት እንዳይሸጥ የተከለከለውም ለዚሁ ነው። በሕዝብ ገንዘብ ተደጉሞ የተሠራው ቤት በውክልና እየተላለፈ ለአላፊ አግዳሚ የሚከራይ ማረፊያ ከሆነ፣ አስተማሪውና ነርሷ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊም ከከተማው ወጥተው ወደ አዘዞና ወደ ጠዳ መገፋታቸው ነው። ደግሞም የጋራ ሕንፃ ደረጃው፣ ጣሪያውና ግቢው የሁሉም ነው። ባለቤቱ ባሕር ማዶ ሆኖ ዓመት ሙሉ ተዘግቶ ለሚኖር ቤት የዘበኛውንና የውኃ ታንከሩን መዋጮ ማን ይከፍላል? የአንገረብ ውኃ ለነዋሪው አልበቃ ብሎ፣ የመገጭም ግድብ ለብዙ ዓመታት ሲጓተት ባየንበት ከተማ ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም።

ወደ ደጋው ስንወጣ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978፣ የፋሲል ግቢም በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ነዋሪዎች ለፓርኩ ሲባል ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ነገ ደባርቅ ለእንግዳ የሚሆን ቤት ለመሥራት ብትሰፋ የሚነሣው በዳር ያለው ገበሬ ነው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የካሣ አዋጅ ምትክ መሬት ያላገኘ ገበሬ የሚከፈለው በ3 ዓመት ውስጥ ካገኘው ከፍተኛው የዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ ነው። ካሣው የሚሰላው በገብሱ ነው፤ ቤቱ የሚሸጠው ግን በአየሩና በተራራው ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለማን እንደሚደርስ አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ ገበሬው የራሱን አገር እይታ በዘበኝነት ተቀጥሮ የሚጠብቅ ይሆናል።

«ይህ ሁሉ ስጋት ገዢ ሲመጣ አይደለምን?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። ወረርሽኙ፣ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ግጭት የጎብኚውን እግር አሳጥሮታል። ሰላም በሌለበት ቤት የሚገዛ እንግዳ አይገኝም፤ ሰላምን የሚተካ አዋጅም የለም። ነገር ግን ደንብ የሚዘጋጀው ገበያው ሳይሞቅ ነው። ሰላም በተመለሰ ማግስት ደላላው ከማዘጋጃ ቤቱ ቀድሞ እንደሚነሣ አልጠራጠርም።

ስለዚህ በበኩሌ የሚከተለውን አሳብ በትሕትና አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በከተማችን ለውጭ አገር ሰው የሚፈቀደው ቤት በእርሱ ገንዘብ ወይም ለዚሁ ተብሎ አዲስ የተሠራ ይሁን፤ በመንግሥት ድጎማ የተሠራ ቤት በምንም መንገድ ወደዚህ ገበያ አይግባ። ሁለተኛ፣ ከዚህ ቀደም በሰው ስም ቤት የያዙ ሰዎች፣ ሕጉ የሚፈቅድላቸው እስከሆነ ድረስ፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ቀርበው በስማቸው እንዲያስመዘግቡ መንገድ ይከፈትላቸው። በተለይ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የጎንደር ልጆች መብቱ እያላቸው ባለማወቅ በዘመድ ስም መኖራቸው የሚያሳዝን ነው። ሦስተኛ፣ የውልና ማስረጃና የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ውክልና ሲቀርብላቸው ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የመጠየቅ ግዴታ ይኑርባቸው። አራተኛ፣ ከእነዚህ ቤቶች ከሚገኘው የሊዝ ገንዘብ የተወሰነው ክፍል ለተነሣው ገበሬና ለከተማው ሠራተኛ መኖሪያ ቤት መሥሪያ ይመደብ።

እንግዳ በራችንን ሲያንኳኳ «ቤት ለእንግዳ» ማለት ወጋችን ነው፤ እንዳይቀርም እፈልጋለሁ። እንዲህ ሊል የሚችለው ግን ራሱ ቤት ያለው ሰው ነው። አርባ ልጆችን ቀኑን ሙሉ አስተምሮ ማታ የኪራይ ቤቱን በር የሚያንኳኳ መምህር ይህን የሚለው በማን ቤት ነው? የሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች ይህን ጥያቄ አስቀድመው ቢመልሱ፣ ለእንግዳውም ለነዋሪውም የሚበጅ ሥራ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከጎንደር