ስለ ትንሿ የአስፒሪን ክኒን

በቡለን የምናውቃቸው አንድ አባት ስትሮክ የሚባለው የአንጎል ምት አግኝቷቸው አንድ ጎናቸው ዝሎ ነበር። ሐኪሙም መንሥኤው የረጋ ደም መሆኑን መርምሮ፣ በየቀኑ አንዲት ትንሽ አስፒሪን እንዲውጡ አዘዛቸው። እጃቸው ዳግመኛ ዋንጫ ለማንሣት በበቃ ጊዜ ዐቢይ ጾም ገባ። በእኩለ ጾም ልንጠይቃቸው ብንሄድ «በባዶ ሆድ አትዋጥም ተብያለሁና ለፋሲካ አሳድሬያታለሁ» አሉን። ጎረቤታቸው የሆኑት እናት ግን «ደም ማቅጠኛ ናት» ሲባል ሰምተው፣ ምንም ሳያማቸው ከዚያው ብልቃጥ በየማለዳው አንዳንድ ይውጡ ኖሯል። ሊውጥ የሚገባው ትቶ፣ ያልታዘዘለት ይውጣል!

ነገሩ እንዲህ ነው። በደማችን ውስጥ ፕሌትሌት የሚባሉ እጅግ ደቃቅ ክፍሎች አሉ፤ ጣታችን ሲቆረጥ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ደሙን ያቆማሉ። ይኸው ሥራቸው ወደ አንጎል በሚሄድ በጠበበ የደም ሥር ውስጥ ሲሆን ግን መንገዱን ይዘጋል፤ ደም ያጣው የአንጎል ክፍልም ይሞታል። አስፒሪን በእውነቱ ደሙን አያቀጥነውም፤ ፕሌትሌቶቹ እንዳይጣበቁ ይከለክላል እንጂ። ይህንን አሠራሩን እ.ኤ.አ. በ1971 የገለጠው እንግሊዛዊው ጆን ቬን ሲሆን፣ በ1982 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀብሏል።

አስፒሪን የነካው ፕሌትሌት እስኪያረጅ ድረስ አይጣበቅም። ዕድሜው ግን 10 ቀን ያህል ብቻ ነው፤ ሰውነትም ዕለት ዕለት አዲስ ይፈጥራል። ስለዚህ ክኒኗ ከተቋረጠች በሳምንት ወይም በ10 ቀን ውስጥ ጥበቃዋ ያልቃል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን መሆኑን አንባቢ ያስተውል። ክኒኗ ከምግብ በኋላ እንድትዋጥ እንጂ የግድ በማለዳ እንድትዋጥ የሚል ሥርዓት የለባትም፤ ሐኪምን ጠይቆ ሰዓቷን ወደ ማታው ማዕድ ማዛወር ይቻላል። አስፒሪን ለማይስማማው ሰው ክሎፒዶግሬል የተባለ ሌላ መድኃኒት አለ፤ ምርጫው ግን የሐኪም ነው።

ወደ ጎረቤቲቱ እንመለስ። የልብ ሕመምም ሆነ ስትሮክ ያልነበረባቸው፣ አብዛኞቹ ከ70 ዓመት በላይ የሆኑ 19,114 አረጋውያን በአውስትራሊያና በአሜሪካ ተጠንተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ ሲገለጥ፣ በየቀኑ አስፒሪን መውሰድ ያለ አካል ጉዳት የሚኖሩበትን ዘመን አላረዘመላቸውም፤ የመድማት አደጋን ግን ጨመረባቸው።

ከዚህ የሚብስ ስሕተትም አለ። የሰው ፊት በድንገት ሲጣመም፣ ክንዱ ሲዝል፣ አንደበቱ ሲተሳሰር ቤተሰቡ አስፒሪን ፍለጋ ይሯሯጣል። ስትሮክ ግን ደም በመርጋት ብቻ ሳይሆን የደም ሥር በመፈንዳትም ይመጣል፤ የደም ግፊት ሳይታከም በሚቆይባት በአገራችን ይህ ጥቂት አይደለም። ሁለቱን ለይቶ የሚያሳየው የራስ ምርመራ፣ ሲቲ ስካን የሚባለው ነው። ለሚደማ አንጎል አስፒሪን መስጠት በእሳት ላይ ቅቤ መጨመር ነውና፣ ምንም ሳያውጡ በሽተኛውን ፈጥኖ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ይገባል።

አባታችን አሁን ክኒናቸውን ከማታው እንጀራ በኋላ ይውጣሉ። ጎረቤቲቱም ጤና ጣቢያ ሄደው ቢለኩ ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ፤ የሚያስፈልጋቸው መድኃኒት ሌላ ነበር።