ገበሬውንም ከቁራኛው ፍቱት

ግልጽ ደብዳቤ
ለአማራ ክልል ምክር ቤት አባላት፣ እንዲሁም በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለገበሬ ለምታበድሩ ተቋማት ኃላፊዎች



የስማዳ ልጅ ነኝ። ልጅ ሳለሁ አባቴና አራት ጎረቤቶቹ አንዱ ለሌላው ዋስ ሆነው ከአንድ አበዳሪ ብድር ወሰዱ። በዓመቱ የአንደኛው ገብስ በበረዶ ተመታ። የመክፈያው ወር ሲደርስ ሰውየው ሌሊት ተነሥቶ ወደ መተማ ጠፋ። ዕዳው በቀሩት አራቱ ላይ ወደቀ። አባቴ ከጥማዱ አንዱን በሬ ወገዳ ገበያ ወስዶ ሸጠ። የዚያን ክረምት በመቀናጆ አረሰ፤ ተራው እስኪደርሰው ሲጠብቅም ዘሩ ዘገየበት። ዳኛ አልፈረደበትም፣ የሐራጅ ማስታወቂያም አልተለጠፈበትም። «ቡድኑ ካልከፈለ ለከርሞ ብድር የለም» መባሉ ብቻ በሬውን አሸጠው።

የጠፋው ጎረቤታችን እናቱ ስትሞት ለቀብሯ አልመጣም። ሌባ ስላልነበረ አፈረ፤ ስላፈረም አልተመለሰም።

በአገራችን በቀደመው ዘመን ባለገንዘብና ባለዕዳ በሰንሰለት ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቀርቡ እንደነበር ታውቃላችሁ። «ቁራኛ» የሚለው ቃል ዛሬም በአፋችን አለ። በዚያ ሥርዓት ግን አበዳሪውም የሰንሰለቱን ክብደት ያውቀው ነበር፤ አብሮ ይቆማል፣ አብሮ ያድራል፣ አብሮ ይራባል። የዛሬው የቡድን ዋስትና ድሃን ከድሃ ጋር ያቆራኛል። አበዳሪው ሰንሰለቱ ውስጥ የለም።

የቡድን ዋስትናን ጥቅም አልክድም። የሚያስይዘው ቤትና ንብረት የሌለው ገበሬ ከአራጣ አበዳሪ እጅ የወጣው በእሱ ነው። የክልላችን ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ ብዙ ገጠር የደረሰው በዚሁ መንገድ ነበር። ከአምስት ሰው አንዱ በሕመም ወይም በግል ችግር ሲወድቅ አራቱ ደግፈው ያነሡታል። ጉና ላይ የወረደ በረዶ ግን ማሳ አይመርጥም። ድርቅ የበሽሎን ቆላ ሲያደርቅ ተበዳሪውንና ዋሱን አይለይም። ሁሉም በአንድ ቀን በተመቱበት ቀበሌ ዋስትና ማለት የወደቀ ሰው በወደቀ ሰው ላይ መደራረብ ነው። ዕዳ ከሜዳ የሚባለው ይኸው ነው።

ባለፉት ዓመታት የመጣውም መከራ እንዲህ የጅምላ ነበር። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ጋይንት ነፋስ መውጫ ድረስ ገባ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ነው፤ መንገድ ሲዘጋ ገበያ ይፈርሳል፣ ድንችና ገብስ ገዢ ያጣሉ። የማዳበሪያ ዋጋ ናረ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላም ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ተወደደ። ጋይንትና ስማዳ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ሲደገፉ የኖሩ ወረዳዎች መሆናቸውንም አትርሱ። ጎተራው ለራሱ ያልበቃ ሰው የጎረቤቱን ዕዳ ከየት አምጥቶ ይክፈል?

ወደ ሕጉ ልምጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ለነጋዴ የኪሳራ ሥርዓት ነበረው፤ በ2013 ዓ.ም. የተተካው አዲሱ ሕግም አለው። ነጋዴ ሲከስር ፍርድ ቤት ይገባል፣ ያለው ይቆጠራል፣ አበዳሪዎቹ በድርሻቸው ይካፈላሉ፣ ነገሩ መቋጫ ያገኛል። መሬቱን አርሶ ለሚያድረው ገበሬ ግን ይህ በር አልተከፈተም። የእሱ ኪሳራ መቋጫ የለውም፤ ወይ ይሸጣል፣ ወይ ይጠፋል።

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ቁጥር 404 ባለዕዳው ለሥራው የሚያስፈልጉት መሣሪያዎችና ከብቶች፣ ለቤተሰቡም የሦስት ወር ቀለብ እንዳይያዙ ይከለክላል። የእርሻ በሬን ዳኛ እንኳ እንዳይነካው ሕጉ አጥሮታል። የአባቴ በሬ የተሸጠው ከዚህ አጥር ውጭ ነው፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ኖሮ በሬው ይተርፍ ነበር። አሁን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ገበሬው በመሬቱ የመጠቀም መብቱን ለብድር እንዲያስይዝ ፈቅዷል። ዕድል ነው፤ ነገር ግን መውጫ ሳይበጅ መግቢያው ከሰፋ ነገ የሚሄደው ማሳው ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እለምናችኋለሁ።

አበዳሪዎች ሆይ፣ አንድ ቀበሌ በበረዶ፣ በድርቅ ወይም በጦርነት መጎዳቱ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሲረጋገጥ ክፍያው እስከሚቀጥለው መኸር ይቆይ፤ በዚያም ጊዜ ወለድ አይታሰብ። የዋስም ግዴታ ልክ ይኑረው፤ ከድርሻው በላይ አይጠየቅ፣ የእርሻ በሬውን እንዲሸጥ አይገደድ።

የምክር ቤት አባላት ሆይ፣ የንግድ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የፌዴራሉ ነውና የገበሬውን ኪሳራ ጉዳይ ለተወካዮች ምክር ቤት አቅርቡልን። በወረዳ ፍርድ ቤት፣ ሽማግሌዎች ባሉበት የገበሬው ሀብት ይቆጠር፤ የሚችለውን በተወሰኑ ዓመታት ይክፈል፤ የቀረው ይሰረዝለት። ኪሳራውም የቆጣቢውን ገንዘብ እንዳይበላ ክልሉ ለክፉ ቀን የሚሆን ተጠባባቂ ገንዘብ ይመድብ።

«እንዲህ ከሆነ ሁሉም ከሰርሁ ይላል» የምትሉ ትኖራላችሁ። በገጠር የሰው ሀብት አይደበቅም። የማን ላም እንደወለደች፣ የማን አውድማ ስንት ቁና እንደሰጠ ጎረቤት ያውቃል። የሚዋሽ ቢኖር የሚያጋልጠው ሩቅ አይደለም።

ኦሪት ዘዳግም ወፍጮን መያዣ አድርጎ መውሰድን ይከለክላል፤ ወፍጮ የቤቱ እንጀራ ነውና። ቁርአንም የተቸገረ ባለዕዳ ፋታ እንዲሰጠው ያዛል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የምንሄድ ሰዎች ይህን ሰምተን አድገናል። ለእኛ አገር ሰው ወፍጮው በሬው ነው።

ያ ጎረቤታችን በዚያ ዘመን ሽማግሌ ፊት ቆሞ «ከሰርሁ» የሚልበት ቦታ ቢኖረው ኖሮ እናቱን በቀበረ ነበር። ያን ቦታ ሥሩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የስማዳ ልጅ