በኪራይ ግቢ የተተከለ በሶብላ



ቅዳሜ ቅዳሜ መድረሳ ከማስተምራቸው ልጆች የአንዷ እናት ባለፈው ወር ልጇን ልትወስድ መጥታ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ልጅቷ በቴሌቪዥን የጣልያን ምግብ አሠራር አይታ «ፓስታችን ላይ ባዚል ይጨመር» እያለች አስቸግራታለች። እናት ሱቅ ሄዳ ብትጠይቅ ጣት በምታህል ብልቃጥ የደረቀ ቅጠል ያሳዩዋታል። ዋጋውን ስትሰማ ባዶ እጇን ተመለሰች። «ኡስታዝ፣ ይህ ባዚል የሚሉት እኛ አገር አይበቅልም እንዴ?» አለችኝ።

ሽሮሽ ውስጥ አለ አልኳት። ባዚል ማለት በሶብላ ነው። ጣልያኖች የሚወዱት ቅጠሉ ሰፋና ለስለስ ያለውን ዓይነት ነው እንጂ የሁለቱ ዘር አንድ ነው። ልዩነቱ አቆራረጡ ላይ ነው። የእኛ እናቶች አበባው እስኪወጣ ጠብቀው ያደርቁትና ለበርበሬና ለሽሮ ያደርጉታል። ጣልያኖቹ ደግሞ አበባው ብቅ ሲል ይቀነጥቡታል፤ ያን ጊዜ ተክሉ ጉልበቱን ለቅጠል ያውላል። ሮዝማሪኖ የሚሉትም የእኛው የጥብስ ቅጠል ነው። ቲሞ የሚሉት ደግሞ በደጋው አገራችን ለሚበቅለው ጦስኝ የቅርብ ዘመድ ነው። ሱጎ የሚለውን ቃል ከጣልያን ወስደናል፤ ቅጠሉን ግን በብልቃጥ የምንገዛበት ምክንያት አይታየኝም።

በነገራችን ላይ በብዙ የዐረብ አገሮች በሶብላን ረይሓን ይሉታል። ረይሓን በሱረቱ አር-ረሕማን 12ኛው አንቀጽ ከአላህ (ሱ.ወ) ጸጋዎች ጋር ተጠቅሷል፤ በቋንቋው መልካም ሽታ ያለውን ተክል ሁሉ ይይዛል። ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስም ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ረይሓን የተሰጠው ሰው እንዳይመልስ አስተምረዋል፤ ሸክሙ ቀላል፣ ሽታው ያማረ ነውና።

እናትዮዋ ይህን ሁሉ ሰምታ ዝም አለች። ከዚያ፣ «እሺ ኡስታዝ፤ ግን እኮ ቤቱ የኪራይ ነው። ባለቤቱ ውጡ ካለን እንወጣለን። በሰው ግቢ ተክዬ ለማን ልተወው?» አለችኝ።

ከቅጠሉ ነገር ይልቅ ይህ ንግግሯ ልቤ ውስጥ ቀረ። በእኛ በኮልፌ ቀራኒዮ በአንድ ግቢ ሦስትና አራት ሆኖ ተከራይቶ የሚኖረው ቤተሰብ ብዙ ነው። ዘንድሮ እዚህ፣ ከርሞ ሌላ ቦታ ነው። እንዲህ የሚኖር ሰው ምስማር ለመምታት እንኳ ያመነታል። ቡኻሪና ሙስሊም ከአነስ (ረ.ዐ) የዘገቡትን ሐዲስ አስታወስኳት። አንድ ሙስሊም ከተከለው ወይም ከዘራው ወፍም ይብላው፣ ሰውም ይብላው፣ እንስሳም ይብላው ለእርሱ ሶደቃ ይሆንለታል። የሚበላው ሰው ከእርሷ በኋላ የሚገባው ተከራይ ቢሆንስ? እርግጥ በሰው መሬት ላይ ያለ ፈቃድ መቆፈር አይገባም፤ አስቀድሞ ባለቤቱን መጠየቅ ግድ ነው።

በሶብላ መሬት እንኳ አይፈልግም። የዘይት ጀሪካን አጋማሹ ላይ ቆርጦ፣ ታቹን በስቶ፣ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሎ መሙላት ነው። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ አፈር በስሱ ብቻ ይነስነስበት፤ ሙቀት ካገኘ ከ5 እስከ 10 ቀን ይበቅላል። ሦስት አራት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ጫፉን ከጥንድ ቅጠሎች በላይ ብትቀነጥቡት በሁለት ቅርንጫፍ ይቀጥላል። ፀሐይ ይወዳል፣ ብርድ ይጠላል። ሰፈራችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቅጠሉን ያጠቁረዋል። ስለዚህ ማታ ማታ ጀሪካኑን ወደ ቤት ማስገባት ነው። ለሱጎ ስትጠቀሙበት ድስቱ ከወረደ በኋላ ጨምሩት፤ እሳት ላይ ከቆየ ሽታው ይጠፋል።

የጥብስ ቅጠል ጠባዩ ሌላ ነው፤ ዓመታት ይኖራል። ከጎረቤት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ለጋ ቅርንጫፍ ለምኑ፤ የታችኛውን ቅጠል መልጣችሁ አሸዋማ አፈር ውስጥ ትከሉት። የሚሞተው ከጥማት ይልቅ ውኃ በመጠጣት ብዛት ነው። ቤት ስትለቁም ዋናውን ትታችሁ ቁራጩን ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቅጠል ማጠጣት ቅንጦት ይመስላል። ለእነዚህ ጥቂት ጀሪካኖች የውዱእ ውኃ ይበቃል። ሳፋ ላይ ውዱእ አድርጉና፣ ሳሙና እስካልገባበት ድረስ፣ ለተክሉ አፍሱት። በሻፊዒይ መዝሀብ ይህ ውኃ በራሱ ንጹሕ ነው፤ ዳግም ውዱእ አይደረግበትም እንጂ ተክል ለማጠጣት ነውር የለበትም። ይህን ስል ግን ቧንቧውን ክፈቱት ማለቴ አይደለም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ፣ ማለትም ከአንድ ሊትር ባነሰ ውኃ፣ ውዱእ ያደርጉ ነበር። በትንሹ አቃቂ ወንዝ ውኃ ግን አታጠጡ፤ የከተማው ፍሳሽ የሚገባበት ነው፣ በሶብላም ጥሬውን የሚበላ ቅጠል ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ልጅቷ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የጥብስ ቅጠል ቁራጭ አመጣችልኝ። ባለቤቱ የአጥሩን ጥግ ፈቅዶላቸዋል፤ ይህ ከዚያ የተረፈው ነው። መድረሳው በር አጠገብ ተክለነዋል፤ ልጆቹ በየተራ ያጠጡታል። ሥር ይያዝ አይያዝ ገና አልታወቀም።