የደንብ ልብስና ሂጃብ፦ መካከለኛው መንገድ የት ነው?

በ2017 ዓ.ም. በአክሱም የሆነውን አንረሳውም። ሂጃባችንን አናወልቅም ያሉ እህቶቻችን ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነው ከረሙ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምዝገባም ሊያመልጣቸው ደርሶ ነበር። የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት የገለጸው ቁጥር 159 ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ጊዜያዊ እግድም ተሰጠ። ጥር 13 ቀን ደግሞ በመቀሌ ሰላማዊ ሰልፍ ተደረገ።

ያን ሰሞን ሁላችንም በአንድ ድምፅ ተናግረናል። ሆኖም ሰልፉ ሲበተንና ወሬው ሲቀዘቅዝ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። በየትምህርት ቤቱ መተዳደሪያ ደንብ ላይ ስለ ሂጃብ የተጻፈው ምንድን ነው? በአብዛኛው ወይ ምንም የለም፣ ወይ እንደ ርዕሰ መምህሩ ስሜት የሚተረጎም ደፍን ዓረፍተ ነገር ነው። ክርክሩ በየዓመቱ የሚያገረሸውም ከዚህ ክፍተት ነው ብለን እናምናለን።

የደንብ ልብስ ጠላታችን አይደለም

በቅድሚያ የሌላውን ወገን ሐሳብ በፍትሕ እንስማ። ትምህርት ቤቶች ደንብ ልብስ የሚያስፈልገው ለእኩልነትና ለጸጥታ ነው ይላሉ። እውነት ነው። የነጋዴውና የቀን ሠራተኛው ልጅ አንድ ዓይነት ለብሰው ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ድሃው ወላጅ ከልብስ ፉክክር ይድናል። ጥበቃውም ተማሪውን ከውጭ ሰው ይለያል። ከዚህ ሁሉ የእኛም ልጆች ይጠቀማሉ።

ነገር ግን ከዚህ ተነስቶ ሂጃብን ወደ መከልከል የሚያደርስ መንገድ የለም። ከደንብ ልብሱ ጨርቅ የተቆረጠ ወይም ቀለሙን የጠበቀ ሂጃብ የማንን ሀብት ያሳያል? ፊቷ የሚታይ ተማሪን ማን ነው መለየት ያቃተው? የደንብ ልብሱ ዓላማ ሳይጎድል የልጅቷም እምነት ሳይነካ መማር ከተቻለ፣ ክልከላው የሚያተርፈው ነገር የለም።

«ትምህርት ከሃይማኖት ነፃ ነው» የሚለው መከራከሪያም በአግባቡ ሊታይ ይገባል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተፅዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲካሄድ ይደነግጋል። ይህ ግዴታ የተጣለው በመንግሥትና በሥርዓተ ትምህርቱ ላይ እንጂ በተማሪዋ ራስ ላይ አይደለም። አንቀጽ 27 እምነትን የመግለጽ መብት ሊገደብ የሚችለው በሕግ፣ ያውም ለተዘረዘሩ ምክንያቶች እንደሆነ ይናገራል። በር ላይ የቆመ ዩኒት ሊደር የሚሰጠው የቃል ትዕዛዝ ሕግ አይደለም። ክርስቲያን ተማሪ ማተቡን አስሮ ይማራል፤ መብቱ ነው፣ ማንም በጥስ ሊለው አይገባም። እኛም የምንጠይቀው ይህንኑ ሚዛን ነው።

ከሌሎች አገሮች ምን እንማር?

በደቡብ አፍሪካ ደርባን አንዲት የሂንዱ እምነትና ባህል ተከታይ ተማሪ ትንሽ የአፍንጫ ጌጥ በማድረጓ ከትምህርት ቤቷ ደንብ ጋር ተጋጨች። የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ለእሷ ፈረደ። ፍርድ ቤቱ ደንብ ልብስን አልሻረም፤ ትምህርት ቤቱ ከልብ ለመነጨ እምነትና ባህል ቦታ መስጠት ነበረበት አለ እንጂ።

በናይጄሪያ ሌጎስ ግዛት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሂጃብ ክርክር እ.ኤ.አ. በ2014 በከፍተኛው ፍርድ ቤት ተሸነፈ፣ በ2016 በይግባኝ ረታ፣ በ2022 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ሂጃብን ፈቀደ። ድሉ ትልቅ ነው። ግን ክርክሩ ሲጀመር ሁለተኛ ደረጃ ትማር የነበረች ልጅ ፍርዱ ሲሰጥ ትምህርቷን ጨርሳለች።

ሦስተኛው ምሳሌ ለእኛ ይከብዳል፤ ስለዚህም ልናነሳው ይገባል። በእንግሊዝ ሉተን ከተማ አብዛኛው ተማሪ ሙስሊም የሆነበት አንድ ትምህርት ቤት ነበር። አስተዳደሩ ከወላጆችና ከአካባቢው መስጂዶች ጋር ተመካክሮ ሻልዋር ቀሚስንና በትምህርት ቤቱ ቀለም የተዘጋጀ ሂጃብን ፈቅዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት ተማሪ ጂልባብ ካልለበስኩ ብላ ከትምህርት ቀረች። በ2005 በይግባኝ ብታሸንፍም፣ በ2006 የመጨረሻው ፍርድ ለትምህርት ቤቱ ሆነ። ትምህርት ቤቱን ከረዱት ነገሮች አንዱ አስቀድሞ ማኅበረሰቡን ማማከሩ ነው። ልጅቷ በበኩሏ ሁለት ዓመት ገደማ ትምህርት አመለጣት። አስቀድሞ የተመካከረ ወገን የሞራልም የሕግም ብርታት እንደሚኖረው ከዚህ እንረዳለን።

መካከለኛው መንገድ

አንዳንዶች «ግቢ ውስጥ አውልቂው፣ ስትወጪ ልበሺው» ማለትን እንደ መካከለኛ ሐሳብ ያቀርቡታል። አይደለም። አንዱ ወገን ሁሉንም ሰጥቶ ሌላው ምንም የማይሰጥበት ነገር ስምምነት አይባልም። እኛ መካከለኛ የምንለው የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ ሂጃብ የደንብ ልብሱ አካል ሆኖ በጽሑፍ ይቀመጥ። ቀለሙንና ጨርቁን ትምህርት ቤቱ ይወስን፤ ወላጅም ይቀበል። ረጅም ቀሚስና ለስፖርት ክፍለ ጊዜ ሰውነትን የሚሸፍን ቱታ አብረው ይካተቱ።

ሁለተኛ፣ ማንነትን ማጣራት የትምህርት ቤቱ መብት መሆኑን እንቀበል። በፈተና ወቅት ፍተሻው በሴት መምህርት፣ ከወንዶች ዕይታ ተከልሎ ይደረግ። ኒቃብን በተመለከተ በዑለማዎቻችን መካከል ያለው የአመለካከት ልዩነት የታወቀ ነው፤ ብይኑን ለእነሱ እንተዋለን። ፊቷን የምትሸፍን እህት ግን ጥያቄው በር ላይ እስኪነሳባት መጠበቅ የለባትም፤ መጅሊሱ ቀድሞ ይነጋገርበት።

ሦስተኛ፣ ውይይቱ ምዝገባ ሳይጀመር በክረምት ይለቅ። የፈተና ሰሞን የሚደረግ ድርድር ልጆቹን መያዣ ያደርጋል።

አራተኛውና ዋናው፣ አለመግባባት ቢፈጠር እንኳ ልጅቷ ክፍል ውስጥ ትቀመጥ፤ ትልልቆቹ ቢሮ ገብተው ይከራከሩ። የፍርድ ቤት ቀጠሮ ይዘገያል፣ ፈተና ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል።

የቤት ሥራው የእኛም ነው

ወተመህ ስብሰባ ሲጠራ ስንቶቻችን እንገኛለን? ደንቡ ሲረቀቅ ወንበራችን ባዶ ሆኖ፣ ደንቡ ልጃችንን ሲነካ ብቻ የምንጮህ ከሆነ ዘወትር ዘግይተን እንደርሳለን። የየአካባቢው መጅሊስና የመስጂድ ኮሚቴ ከትምህርት ቤቶች ጋር የሚነጋገር ሰው ይመድብ። የሕግ ባለሙያዎቻችን ደግሞ ለደንቡ የሚሆን አንድ ገጽ ረቂቅ ያዘጋጁ።

ዲናችን የሚዛን ዲን ነው። ወሰጢያ ማለት ግዴታን መሸራረፍ ሳይሆን፣ ግዴታችንን ይዘን ከሌላው ጋር በፍትሕ የምንኖርበትን መንገድ መፈለግ ነው። ልጆቻችን ከሂጃባቸውና ከደብተራቸው አንዱን ምረጡ ሊባሉ አይገባም፤ ሁለቱም የእነሱ ናቸው።

አላህ ልጆቻችንን በዲናቸውም በትምህርታቸውም ያጽናልን። ወላሁ አዕለም።