ጠባቂ ሲጠፋ እስረኛ ይቆለፋል

በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት የሚገኘው የዋፓን ወህኒ ቤት ከ170 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2023 እስረኞቹ ወደየክፍላቸው ገብተው በር ተቆለፈባቸው። ጠብ ሲነሳ ወይም ድንገተኛ ፍተሻ ሲደረግ ለሰዓታት፣ ቢበዛ ለቀናት መቆለፍ የትም ያለ ነው። የዋፓኑ ግን ቀስ በቀስ እየላላም ቢሆን ዓመት ተሻገረ።

ኃላፊዎቹ ምክንያቱ የእስረኞቹ ረብሻ ነው አሉ። ረብሻ አልነበረም ማለት አይቻልም። ሆኖም በዚያው ዓመት ከጥበቃ ሥራ መደቦቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሰው አልነበራቸውም። ሕመምተኛን ወደ ሐኪም የሚያጅብ፣ ወደ ገላ መታጠቢያ የሚወስድ፣ ጠያቂ የሚያስተናግድ ሲጠፋ ሁሉንም ባሉበት ቆልፎ መዋል ይቀላል። መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ መቅጠር አቃተው፤ ዕዳው በእስረኛው ላይ ወደቀ።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2015 ያጸደቃቸው የማንዴላ ደንቦች ለእስረኛ በየቀኑ ቢያንስ የአንድ ሰዓት የውጭ አየር ይፈቅዳሉ። አንድን ሰው በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሰው ለይቶ፣ ከ15 ተከታታይ ቀናት በላይ ማቆየትንም ይከለክላሉ። በቅጣት ለብቻው የሚታሰር ሰው ቢያንስ በወረቀት ላይ ጥፋቱ ይነገረዋል፣ ቀኑ ይቆረጥለታል። የጅምላ ቁለፋ ይህ እንኳ የለውም። ያጠፋውም ያላጠፋውም፣ ለመፈታት ሳምንት የቀረውም እኩል ይቆለፋል፤ እስከ መቼ እንደሆነ የሚነግረው የለም።

“ጊዜያዊ” የሚባለው ነገር ሥር ሲሰድ ምን እንደሚመስል በሌላዋ የአሜሪካ ግዛት፣ በኢሊኖይ፣ ታይቷል። ኦክቶበር 22 ቀን 1983 በማሪዮን የፌዴራል ወህኒ ቤት ሁለት ጠባቂዎች በአንድ ቀን ተገደሉ፤ በሩ ተዘጋ። የተከፈተው ከ23 ዓመታት በኋላ ነው! የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ማንም ይረዳል። የቀሩትን ዓመታት ግን ያ ግድያ ሊያስረዳቸው አይችልም።

በዋፓን ቁለፋው በቆየበት ጊዜ በርካታ እስረኞች ሞቱ። ከነዚህ አንዱ፣ የአእምሮ ሕመም የነበረበት ሰው፣ የክፍሉ ውሃ ተዘግቶበት በፌብሩዋሪ 2024 ሕይወቱ አለፈ። በዚያው ዓመት ጁን የወህኒ ቤቱ አዛዥና ስምንት ሠራተኞች ተከሰሱ። አዛዡ በመጨረሻ የተቀጣው 500 ዶላር ነው።

የዊስኮንሲን ግዛት በ2023 በጀቱ የጀማሪ ጠባቂን ክፍያ በሰዓት ከ20 ዶላር ገደማ ወደ 33 ከፍ ሲያደርግ ክፍት መደቦቹ መሙላት ጀመሩ። ገንዘቡ መገኘት ከቻለ ቀድሞ ያልተገኘው ለምንድን ነው? እንግዲህ በር የሚያስቆልፍ ኃላፊ ምክንያቱንና ማብቂያ ቀኑን በጽሑፍ ያስፍር፤ ቀኑን ማራዘም ሲፈልግም ከወህኒ ቤቱ ውጭ ያለ ዳኛ ፊት ቀርቦ ያስረዳ።