«ሰው ያደረግኩሽ እኔ ነኝ»



«ሰው ያደረግኩህ እኔ ነኝ» የሚለው አባባል በቋንቋችን ውስጥ እጅግ ከባድ ከሆኑት አንዱ ነው። ባል ለሚስቱ፣ አሳዳሪ ለሠራተኛው፣ ገዢ ለሕዝቡ ይለዋል። ተናጋሪው ያለፈ ውለታውን የሚቆጥር ይምሰል እንጂ የሚጠይቀው የወደፊት ታዛዥነትን ነው። ስለ አንድ የፈረንጅ ቴአትር ብዕሬን ያነሣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«ማይ ፌር ሌዲ» የተባለው የሙዚቃ ቴአትር በ2018 በኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር፣ በባርትሌት ሼር አዘጋጅነት እንደገና መድረክ ላይ ወጣ። ከ2019 መጨረሻ ጀምሮም የአሜሪካን ከተሞች መዞር ጀመረ፤ የብዙ ወገኖቻችን መኖሪያ በሆነችው ዋሽንግተንም በኬኔዲ ሴንተር ታየ። ሄንሪ ሂጊንስ የተባለው የንግግር ሊቅ፣ ኤላይዛ ዱሊትል የተባለችውን ድኻ አበባ ሻጭ በስድስት ወር ውስጥ አነጋገሯን ለውጬ እመቤት አስመስላታለሁ ብሎ ይወራረዳል፤ ይሳካለታልም። በ1956ቱ ቴአትርና በ1964ቱ ፊልም መጨረሻ ላይ ኤላይዛ ጥላው ሄዳ ትመለሳለች፤ እሱም ተዘባንኖ ተቀምጦ ነጠላ ጫማዬ የት አለ ይላታል። በአዲሱ ዝግጅት ግን ተመልሳ መጥታ ታየውና፣ ከመድረኩ ወርዳ በተመልካቹ መካከል አልፋ ትሄዳለች።

ጩኸቱ የተጀመረው ይኼኔ ነው። «የዘመኑ የሴቶች ፖለቲካ ውቡን ሥራ አበላሸው» ተባለ። እኔ ግን የተበላሸው ዛሬ ሳይሆን ጥንት ነው እላለሁ። የታሪኩ ምንጭ የበርናርድ ሾው «ፒግማሊዮን» ነው። ተውኔቱ በ1914 ለንደን ላይ ሲታይ፣ ሂጊንስን የተጫወተው ቢርቦም ትሪ መጨረሻው ፍቅር እንዲመስል ለኤላይዛ አበባ ይወረውርላት ነበር፤ ሾው በዚህ ተቆጣ። በ1916 ባሳተመው ማብራሪያም ኤላይዛ ሂጊንስን እንደማታገባ ቁርጡን ተናገረ። ተውኔቱ የሙዚቃ ቴአትር እንዲሆን በሕይወት ሳለ አልፈቀደም። የተሠራው እሱ በ1950 ከሞተ በኋላ ነው። እንግዲህ ሼር ያደረገው የተወሰደውን ለባለቤቱ መመለስ ነው።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ኤላይዛን «ሰው ያደረጋት» ማነው? ሂጊንስ ከመንገድ አላነሣትም። በገዛ እግሯ ቤቱ ሄዳ ለትምህርቱ እከፍላለሁ አለችው። ያቀረበችው አንድ ሺሊንግ ከቀን ገቢዋ አምስት እጅ ሁለቱ ነበር፤ ሂሳቡን ያሰላው ራሱ ሂጊንስ ነው! ከሀብቱ ላይ ይህን ያህል እጅ ለትምህርት የሚከፍል ባለጸጋ እስቲ ጥሩልኝ። ሌሊት ከቀን የለፋችው እሷ፣ በግብዣው ላይ የተፈተነችው እሷ ሆና ሳለ፣ ሲሳካ ወንዶቹ እርስ በርስ «እንኳን ደስ ያለህ» ይባባላሉ፤ እሷን ዞር ብሎ የሚያያት የለም። አባቷማ ገና ከጅምሩ 5 ፓውንድ ተቀብሎባት ሄዷል። በመጨረሻም፣ ትናንት አበባ ሸጣ በነጻነት ታድር የነበረችው ሴት እመቤት ስትመስል የቀረላት ገበያ ጋብቻ ብቻ ይሆናል።

መደብና ጾታ እንዴት እንደሚጋገዙ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም። እንግሊዝ በ1918 ለሴቶች የምርጫ መብት ስትሰጥ ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት በላይ ለሆነ፣ ያውም ንብረት ላላቸው ወይም ባላቸው ንብረት ላለው ነበር። የኤላይዛ ቢጤ እስከ 1928 ጠብቂ ተብላለች።

«ታዲያ ሂጊንስ ምንም አላደረገም?» የሚል ይኖራል። አድርጓል፤ አስተምሯል። ውለታ ምስጋና ይገባዋል፤ ሰውን ግን አይገዛም። ዕድሜዬን በምህንድስና ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። መሐንዲስ ድልድይ ሠርቶ ይፈርማል እንጂ ተሻጋሪው የኔ ነው አይልም።

ነገሩ የእንግሊዞች ብቻ መስሎ የታየው ካለ ዙሪያውን ይመልከት። በዐረብ አገር ፓስፖርቷን ተነጥቃ ሌት ተቀን የምትሠራ እህታችን «ያበላንሽ፣ ያለበስንሽ እኛ ነን» ትባላለች። በየማኅበሮቻችን ወጡን የሚሠሩት ሴቶች፣ ማይክሮፎኑን የሚጨብጡት ወንዶች ናቸው። በእንግሊዝኛ ቅላጼያችን ስንናቅ የምንቆጣ ሰዎች፣ በገጠር ልጅ አማርኛ እንስቃለን። በየሰፈራችን ስንት ሂጊንስ አለ!

ስለዚህ ኤላይዛ በሩን ከፍታ ስትወጣ «ውለታ ቢስ» ብለን ከመሳደባችን በፊት፣ ውለታ ያልነው ዕዳ አለመሆኑን እንመርምር። ያስተማረ ይመስገን፤ የተማረችም በነጻነት ትሂድ።

ልብ ያለው ልብ ይበል።